ሞተር የሆነው በሬ

ሠናይት እሸቴ ያን ቀን ደብረ ታቦር የገባችው ሞተሯን እየነዳች ሳይሆን እየገፋች ነው። ከተማው ለመድረስ የአንድ ሰዓት መንገድ ሲቀራት የኋላው ጎማ ፈነዳ። ፈነዳ ማለት እንኳ ያስቸግራል፤ አለቀ ቢባል ይሻላል። ሦስት ጊዜ ተለጥፏል፤ ለአራተኛው ስትሄድ ጎማ ጠጋኙ ራሱ «እህቴ፣ ይሄ እኮ ጎማ አይደለም፤ ልጥፉ ብቻ ነው የቀረው» ብሎ ገንዘቧን መልሶላታል።

መንገድ ዳር የተቀመጠ ሥራ ፈት ሁሉ አፉን ከፈተ። «ሠናይት! ዛሬ ደግሞ ተራው የሞተሩ ሆነና አንቺ ትጎትቺው ጀመር?» አለ አንዱ። «በቅሎ ብትገዢ ይሻልሽ ነበር!» አለ ሌላው። በሌላ ቀን ቢሆን ማንም ተናግሯት በደኅና አይመለስም፤ ምላሷ የተሳለ ነው። ያን ቀን ግን ጥርሷን ነክሳ አለፈች። በልቧ የያዘችውን ሁሉ ለአንድ ሰው አስቀምጣው ነበር።

ያ ሰው ፋሲል ነው፤ የገበሬዎች ዩኒየን ሥራ አስኪያጅ። የዩኒየኑን ስም መጥራት ምን ያደርጋል! ገበሬው ከጉሮሮው ነጥቆ ባዋጣው ገንዘብ የቆመ፣ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር የሚያከፋፍል፣ የአባላቱን ከብትና በግ የሚያስከትብ ማኅበር ነው። ባለቤቶቹ ገበሬዎቹ ናቸው ይባላል። ይባላል ነው ያልኩት። ሠናይት የዩኒየኑ የከብት ሐኪም ናት። ከጋሳይ ጀምሮ እስከ ጉና ተራራ አናት ድረስ፣ መኪና በማይወጣበት ጭቃና ውርጭ፣ የክትባት ሳጥኗን ከኋላዋ አስራ በሞተር ትዞራለች። ሞተሩ ደግሞ የዩኒየኑ አይደለም፤ የራሷ ነው። ነገሩ ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው።

«አቶ ፋሲል፣ ጎማው አልቋል» አለች፣ የጫማዋን ጭቃ እንኳ ሳታራግፍ። «ነገ ከጉና ሥር አራት መቶ በግ ይጠብቀኛል። ጎማ ይገዛልኝ።»

ፋሲል ከኮምፒውተሩ ቀና አላለም። «የምን ጎማ?»

«የሞተሩ ነዋ።»

«ሞተሩ የማን ነው?»

«የእኔ።»

«አየሽ!» አለ፣ አሁን ቀና ብሎ። «የግል ንብረት ነው። ዩኒየኑ ለግል ንብረት ጎማ ቢገዛ ኦዲተር ምን ይለኛል? ደግሞስ ቅዳሜ ገበያ አትሄጂበትም? እሑድ ቤተ ክርስቲያን አትሳለሚበትም?»

ወይ ነዶ! ሠናይት ቤተ ክርስቲያን የምትሳለመው በእግሯ ነው። ለእሑድ የሚተርፍ ቤንዚን ኖሯት አያውቅም።

ከመስኮቱ ውጭ የዩኒየኑ ነጭ ፒካፕ አራት አዲስ ጎማ አድርጋ ቆማለች። ባለፈው እሑድ ይህችው ፒካፕ ፋሲልን ከነቤተሰቡ ይዛ ወንዛዬ ፍል ውኃ ወርዳ ነበር፤ ለሠናይት የነገራት ሹፌሩ ነው። አቶ ፋሲልን ወገቡን ያመዋል አሉ። ወገቡን እግዜር ይማረው፤ የፒካፗን ናፍጣ ግን ማን ከፈለ? እዚያ ላይ ኦዲተር የሚባለው ፍጡር የት ገብቶ ነው?

ሠናይት ይህን ሁሉ አፏ ላይ አድርሳው ዋጠችው። «እንግዲያው እኔም ከዛሬ ጀምሮ በእግሬ ነኝ» ብላ ወጣች። ሞተሩን ገፍታ ከፋሲል መስኮት ፊት ለፊት አቆመችው። ሳጥኑ የታሰረበትን ገመድ ፈትታ ሳጥኑን በጀርባዋ አዘለች።

አሁን ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ፤ አለዚያ ይህች ልጅ ለጎማ ብቻ የተቆጣች ይመስላችኋል።

የሠናይት አባት አያ እሸቴ ከጉና ሥር ገብስና ድንች የሚያበቅሉ ገበሬ ናቸው። ጥማድ በሬ ነበራቸው፤ ቦራና ዳለቻ። ሠናይት ከግብርና ኮሌጅ በእንስሳት ጤና ተመርቃ ሦስት ዓመት ሥራ ፈትታ ዶሮ ስታረባ ቆየች። ከዚያ የዩኒየኑ ማስታወቂያ ወጣ። ከግርጌው ግን «የራሱ ሞተር ሳይክል ያለው» የሚል መስመር ነበረበት። አንብባው ወረቀቱን አጠፈችው። አባቷ አዩዋት።

«ምን ይላል?» አሉ።

«ሞተር ያለው ሰው ይፈልጋሉ፣ አባባ።»

«ሞተሩ ስንት በሬ ነው?»

ሠናይት መጀመሪያ ቀልድ መሰላት። «ከዶሮ ያጠራቀምኩት ዕቁብ አለ፤ አንድ በሬ ይጨመርበት ነበር» አለች እየሳቀች። አያ እሸቴ አልሳቁም። ቅዳሜ በማለዳ ቦራን ፈትተው ገበያ አወረዱት፤ ሸጡት። ገመዱን ግን አልሰጡም። በሬውን ከነገመዱ የሸጠ በረከቱን አብሮ ሸጠ ይላሉ እሳቸው፤ ስለዚህ ገመዱን ጠቅልለው በጋቢያቸው ሥር ይዘውት ተመለሱ። ሞተሩ ተገዝቶ ደጃቸው በቆመ ጊዜ ያንኑ ገመድ አውጥተው ለልጃቸው ሰጧት።

«ሳጥንሽን እሰሪበት» አሏት። «ቦራ ነው እንግዲህ፤ ስሙ ተለወጠ እንጂ። ሁለት ዓመት ይረስልሽ፤ ከዚያ በሬዬን ትመልሽልኛለሽ።»

«በእመቤቴ ማርያም፣ በሁለት ዓመቱ በሬዎ ቀንበር ሥር ይሆናል» አለች ሠናይት። ማለች እኮ ነው! ጉና ሥር ደግሞ መሐላ እንደ ከተማ ወሬ የሚተፋ ነገር አይደለም።

ስሕተቷ እዚህ ላይ ነው። ውሉን ስትፈርም ቤንዚኑ በማን እንደሆነ አልጠየቀችም። የከተማ ሰው «ምን ያለችው ሞኝ ናት?» ይል ይሆናል። ሞኝ አይደለችም። እሷ ባደገችበት አገር አንድ በሬ ያለው ሰው አንድ በሬ ካለው ጎረቤቱ ጋር ተጣምሮ ያርሳል፤ ሰኞ ለእኔ፣ ማክሰኞ ለአንተ። መቀናጆ ይሉታል። የዚያን ቀን የሚያርሰው ሰው ሁለቱንም በሬዎች ያበላል፤ የራሱንም፣ የሰውየውንም። ማሳው ላይ ሳለ የሰው በሬ ቢሰበር ዕዳው የእሱ ነው። ይህን የሚጽፈው የለም፤ የሚጠይቀውም የለም። «ለመሆኑ ገለባው በማን ነው?» ብሎ የጠየቀ ሰው ቀንበሩ ሳይጫን መቀናጆው ይፈርስበታል፤ ባልንጀራውን በአፍ ሙሉ ሌባ ማለቱ ነዋ። ሠናይትም አቶ ፋሲልን ሌባ አላለችውም። ያረሰ ያበላል ብላ ፈረመች። ሰው መስሏት!

የመጀመሪያው ወር እንዳለቀ የቤንዚኑን ሒሳብ ይዛ ገባች። «ደረሰኝ አምጪ» አሏት። ማደያው ቤንዚን ሲኖረው ሰልፉ ግማሽ ቀን ይበላል፤ ሳይኖረው ደግሞ ከመንገድ ዳር በሃይላንድ ጠርሙስ ነው፣ በእጥፍ ዋጋ። የጠርሙስ ቤንዚን ምን ደረሰኝ አለው? ቢሆንም ከዚያ ወዲያ ግማሽ ቀን እየተሰለፈች ደረሰኝ ሰበሰበች፤ በፖስታ አድርጋ አስገባች። «በጀት ሲለቀቅ» አሏት። በጀቱ ተለቀቀ። «ውልሽ ላይ የለም» አሏት። ታዲያ መጀመሪያ ደረሰኝ አምጪ ያላት ማን ነበር? ጋኔን ነው? ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ሆነባት።

ሁለት ዓመት እንዲህ ሄደ። ደመወዟ ሲገባ መጀመሪያ የሚበላው ሞተሩ ነው፤ እሷ የተረፈውን ትቀምሳለች። ለአባቷ በሬ ብላ ትንሽ ማጠራቀም ስትጀምር ካንዴላው ይቃጠላል፤ እንደገና ስትጀምር ካቴናው ይበጠሳል፤ እንደገና፣ ጎማ። የጉና ድንጋይ ጎማ አይምርም። አባ ሰንጋ ገባ በተባለ ጊዜ በዝናብ ወጥታ ሞተሩ ገደል አፋፍ ላይ ተንሸራቶ እሷም ትከሻዋ ወለቀ። ወጌሻ አሽቷት በሦስተኛው ቀን ሥራ ገባች። ከብቶቹን አተረፈች፤ ዩኒየኑም በዓመታዊ ሪፖርቱ ላይ «የአባላትን ሀብት ታድገናል» ብሎ ጻፈ። ታድገናል! የተሰበረውን መስተዋት የገዛችው ግን እሷው ናት።

አያ እሸቴ አንድ ቀን እንኳ «በሬዬስ?» ብለው አያውቁም። ዳለቻን ከጎረቤታቸው ከአያ ታደሰ በሬ ጋር እያቀናጁ አረሱ። ሠናይት ቤት በመጣች ቁጥር ዓይኗ ባዶው የቦራ ጉረኖ ላይ ያርፋል፤ እሳቸው ደግሞ ዓይኗን አይተው ስለ ድንቹ ያወራሉ። ከሚቆጣ አባት የማይቆጣ አባት ይከፋል፤ ይህን የደረሰበት ያውቀዋል።

ጎማው ከመፈንዳቱ አንድ ቀን በፊት መንገድ ላይ አያ ታደሰ አገኟት። አንገታቸውን ደፍተው ነው የነገሯት። «ልጄ፣ አባትሽ አይነግሩሽም ብዬ ነው። ልጄን ግንቦት ላይ ልድረው ነው፤ በሬውን ለጎጆ መውጫ ቃል ገብቼለታለሁ። ለሰኔ ከአባትሽ ጋር መቀናጀት አልችልም።»

«ታዲያ አባቴ ምን አሉ?»

«ምን ይላሉ? ‹እግዜር ያውቃል› አሉ። መሬቱን ለእኩል የሚያርስላቸው ሰው እየፈለጉ ነው መሰለኝ።»

ለእኩል! መሬትን ለእኩል መስጠት ማለት ሌላው ያርሳል፣ ምርቱ እኩል ይከፈላል። ግማሽ ገብስ መቅረቱ አንድ ነገር ነው። አያ እሸቴ ግን ከአሥራ ሁለት ዓመታቸው ጀምሮ እርፍ ጨብጠው ያደጉ ሰው ናቸው፤ በገዛ ማሳቸው ዳር ቆመው የሰው ጅራፍ መስማት ለእሳቸው ከመቀበር አይተናነስም። ያን ሌሊት ሠናይት እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም። እንግዲህ በማግስቱ ፋሲል ፊት የቆመችው ይህን በሆዷ ይዛ ነው። እሱ ግን «ሞተሩ የማን ነው?» ይላታል።

ከፋሲል ቢሮ እንደወጣች የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ወደሚታይበት ቢሮ ሄደች። ማስተዋል የምትባል ባለሙያ ውሉን ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«ሕጉ የሥራ መሣሪያ የሚያቀርበው አሠሪው ነው ይላል፤ ውሉ ሠራተኛው ያምጣ ካላለ በቀር» አለቻት። «ያንቺ ውል ሞተሩን አንቺ እንድታመጪ ያደርጋል። ቤንዚኑንና ጥገናውን ማን ይችላል የሚለውን ግን ጭራሽ አላነሳውም። ብትከሺ ያከራክራል፤ የሞተ ነገር አይደለም።»

«ስንት ጊዜ ይፈጃል?»

«እንጃ፤ በቀጠሮ እየተጓተተ ዓመትም ሊሄድ ይችላል።»

«ሰኔስ ዓመት ይጠብቀኛል?» አለች ሠናይት። ማስተዋል ስለ ምን ሰኔ እንደምታወራ አልገባትም፤ ቢሆንም አዘነችላት።

በማግስቱ ሠናይት እንዳለችው አደረገች። ጎህ ሲቀድ ሳጥኗን በቦራ ገመድ አዝላ በእግሯ ወጣች። ከጉና ሥር ስትደርስ ፀሐይ አናት ላይ ነበረች። በሳጥኑ ውስጥ በረዶው መቅለጥ ጀምሮ ስለነበር ከአራቱ መቶ በግ ስልሳውን ከትባ የቀረውን መለሰችው። ገበሬዎቹ አጉረመረሙ፤ ከየሸንተረሩ በጋቸውን ነድተው የመጡ ሰዎች ናቸው፣ ምን ይበሉ?

«ሞተርሽስ?» ይሏታል።

«ገለባ የሚያበላው አጣ» ትላለች።

«እንዴት ያለ ነገር ነው? ለማን እየሠራ ነው ታዲያ?»

«ለእናንተ።»

እንዲህ አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት፣ ወር ሆነ። ጉና ሥር ወሬ ከሞተር ይፈጥናል። በአራተኛው ሳምንት ፋሲል ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ሰጣት፤ «በሥራ ላይ በመለገም ለፈጸሙት ጥፋት የመጀመሪያ ማስጠንቀቂያ» ይላል። መለገም! ትከሻዋ ወልቆ በሦስተኛው ቀን የገባችን ሰው ለገመች አላት። ደብዳቤውን ይዛ ከቢሮው ወጣች፤ ሞተሩ አጠገብ ቆመች። ኮርቻው አቧራ ጠጥቷል። ፒካፗ በአጠገቧ ጭቃ ረጭታባት አለፈች።

በግንቦት ማብቂያ የዩኒየኑ ጠቅላላ ጉባኤ ተጠራ። ከየቀበሌው ማኅበር የተወከሉ ገበሬዎች አዳራሹን ሞሉት፤ ጋቢ ለጋቢ ተጣብቀው ተቀመጡ። ሰብሳቢው አያ አዳነ ናቸው፤ እሳቸውም ገበሬ ናቸው፤ ንግግር ከሚያደርጉ እርሻ ቢያርሱ የሚመርጡ ሰው። ሠናይት ሠራተኛ ስለሆነች ድምፅ የላትም፤ ከኋላ ቆማለች። አባቷ ግን የማኅበራቸው ተወካይ ናቸው፤ ከመካከል ተቀምጠዋል። አባትና ልጅ ስለዚህ ጉዳይ አንድ ቃል አልተለዋወጡም፤ ወሬው ግን ከሹፌሩም ከገበሬውም ዞሮ አያ እሸቴ ጆሮ ደርሷል።

ፋሲል ሪፖርቱን አነበበ፤ ይህን ያህል ኩንታል፣ ይህን ያህል ከብት። ሲጨርስ «አስተያየት ያለው?» ተባለ። አያ እሸቴ በምርኩዛቸው ተደግፈው ተነሡ።

«አዳነ» አሉ፣ «አንድ ነገር ልጠይቅህ ነው፤ ለሪፖርቱ አይደለም። በሬህን ወስጄ ማሳዬን ባርስበት፣ የዚያን ቀን ገለባውን የሚያበላ ማነው?»

ጉባኤተኛው ሳቀ። «ይሄ ደግሞ ይጠየቃል እንዴ፣ እሸቴ?» አሉ አያ አዳነ።

«ንገረኛ፤ ሰው ይስማው።»

«አንተ ነሃ! ያረሰ ያበላል።»

«ማሳዬ ላይ ቢሰበርብህስ?»

«ትከፍለኛለህ፤ ሌላ ምን አለው?»

«እንግዲያው» አሉ አያ እሸቴ፣ ድምፃቸው አሁን ከፍ አለ፣ «ሁለት ዓመት ሙሉ በሬዬን ጦሙን ያሳረሳችሁት ለምንድነው?»

አያ እሸቴ በምርኩዛቸው ወደ መስኮቱ ጠቆሙ። ሞተሩ ጎማው ተንፍሶ፣ እንደ ታመመ ከብት ወደ አንድ ጎኑ አዘንብሎ ቆሟል።

«ያውላችሁ፣ ቦራ። ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ሽጬ ለልጄ ሞተር ገዛሁበት፤ በጋችሁን የከተበው እሱ ነው፤ ላሞቻችሁን ከአባ ሰንጋ ያተረፈው እሱ ነው። ለእናንተ ሲያርስ ገለባውን ያበላች ግን ልጄ ናት፤ ከጉሮሮዋ እየነጠቀች። ሲሰበርም ያሳከመች እሷ ናት። አሁን ደግሞ ለገመች ብላችሁ ወረቀት ጻፋችሁባት።»

ፋሲል ተነሣ። «አባቴ፣ ስሜትዎን እረዳለሁ። በሬና ሞተር ግን አንድ አይደለም። ይህ ዘመናዊ አሠራር ነው፤ ውል አለ።»

«ውል!» አሉ አያ እሸቴ። «ልጄ፣ እኔ ፊደል ያወቅሁት በስተርጅና ነው፤ ስለ ወረቀትህ አልከራከርህም። አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ያቺ ነጭ መኪናህ ወንዛዬ የወረደች ዕለት ገለባዋን ማን አበላት?»

ጉባኤው ፈነዳ! «እውነት ነው!» የሚል፣ «ይመልስ!» የሚል፣ በምርኩዝ ወለሉን የሚደበድብ። የፋሲል ፊት ሚጥሚጣ መሰለ። አያ አዳነ ቆባቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አደረጉ።

«እኛ ነን የበላነው» አሉ ቀስ ብለው። «ባለቤቱ እኛ ነን ይባል የለ? እንግዲያው የሰው በሬ ያስራብነው እኛው ነን። ነውር ነው።» እጅ ተነሣ፤ ማስጠንቀቂያው ይነሣ፣ ቤንዚኑና ጥገናው በዩኒየኑ ይሁን ተብሎ ተወሰነ። እልል ያለም ነበር። ሠናይት ከኋላ ሆና እንባዋን ተቆጣጠረች።

ነገር ግን እባብ ጭንቅላቱ ቢመታም ጅራቱ ይላወሳል። ፋሲል ጉሮሮውን ጠርጎ እንደገና ተነሣ። «ውሳኔው በደስታ ተቀባይነት አለው» አለ። «የዘንድሮው በጀት ግን ተዘግቷል፤ ስለዚህ ከሐምሌ አንድ ቀን ጀምሮ ተግባራዊ ይሆናል። ያለፈው ሁለት ዓመት በሕጋዊ ደረሰኝ ያልተደገፈ ስለሆነ ኦዲተር አይቀበለውም።» አንዱ «ፖስታውን አስገብታ የለም ወይ?» አለ። «የፖስታው ፋይል እየተፈለገ ነው» አለ ፋሲል። ኦዲተር የተባለ ቃል ሲጠራ ገበሬው ሁሉ እርስ በርሱ ተያየ። የሚመለሱበት መንገድ ሩቅ ነው፤ ሰማዩም ጠቁሯል። አያ አዳነ «እንግዲህ ከሐምሌ ይሁን» አሉ፤ ስብሰባው ተበተነ።

ከሐምሌ! ገበሬ ለገበሬ ተሰብስቦ ከሐምሌ ይሁን ይላል! የጉና ገብስ ሐምሌን ይጠብቃል? ዘር ጊዜው ሰኔ ነው፤ ሰኔ ያላረሰ ዓመቱን ሙሉ የሰው እጅ ያያል። ያን ያህል ጋቢ የለበሰ ገበሬ አዳራሹን ሞልቶ አንድ ሰው እንኳ «ሰኔስ?» አላለም። እኔን የሚያንገበግበኝ ፋሲል አይደለም፤ ፋሲልማ ፋሲል ነው። እነሱ ናቸው የሚያንገበግቡኝ።

ውጭ አያ እሸቴ ልጃቸውን ትከሻዋን መታ መታ አደረጓት። «አሸነፍሽ» አሏት።

«አባባ፣ በሰኔ በምን ያርሳሉ?»

አያ እሸቴ ስለ ድንቹ ማውራት ጀመሩ። ያን ጊዜ ሠናይት ቆረጠች።

ቅዳሜ የቦራን ገመድ መልሳ ሞተሩ ላይ አስራ፣ እየገፋች ገበያ ወረደች። ገዢው ዞሮ ዞሮ አየው፤ «ጎማው አልቋል፣ ካቴናው ላልቷል፣ መስተዋቱም የእሱ አይደለም» እያለ ዋጋውን ሸራረፈው። የሚዋሽ ቢሆን በምላሷ ትገርፈው ነበር፤ የተናገረው ግን ሁሉ እውነት ነው። ዱሮ አንድ የደረሰ በሬና አንድ ዕቁብ የዋጠው ሞተር ያወጣው የአንድ ወይፈን ዋጋ ብቻ ሆነ። የቀረውን ዩኒየኑ በልቶታል። ገዢው ሊገፋው መሪውን ሲይዝ «ቆይ» አለችው፤ ከኋላ የታሰረውን ገመድ ፈታች። «እሱማ አብሮ ነው የሚሸጠው» አለ። «እሱ አይሸጥም» አለችው፤ ዓይኗን ሲያይ ባዶውን ሞተር ገፍቶ ሄደ።

በዚያው ዕለት ከከብት ተራ አንድ ቀይ ወይፈን ገዛች፤ ቀንበር ገና ያልለመደ፣ ትከሻው ግን የሚያስተማምን። በቦራ ገመድ አስራ በእግሯ ወደ ጉና መራችው። ስትደርስ አያ እሸቴ ደጃፍ ላይ ነበሩ። ወይፈኑን አዩት፤ ገመዱን አዩት፤ ከኋላዋ ደግሞ ሞተር እንደሌለ አዩ። «ልጄ፣ እንጀራሽን እኮ ነው የሸጥሽው» አሉ።

«እንጀራዬንማ እነሱ በልተውታል» አለች። «እኔ የሸጥኩት ሳህኑን ነው።»

ወይፈኑን ከዳለቻ ጋር አቀናጅተው ለማግራት ሁለት ሳምንት ፈጀባቸው። መጀመሪያ ይተኛል፣ ከዚያ ይዋጋል፣ ከዚያ ቀንበሩን ይዞ ይሸሻል፤ አያ እሸቴ ግን እየተሳደቡም እየለመኑም አስለመዱት። ሠናይት በሥራ ቀን በእግሯ ወጥታ የቻለችውን ያህል ትከትባለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ አባቷን ታግዛለች። በሰኔ ሁለተኛው ቅዳሜ ማሳው መካከል ሳሉ ስልኳ ጮኸ። ፋሲል ነበር፤ ድምፁ ቅቤ ሆኗል።

«ሠናይትዬ፣ ደህና ነሽ? ሰኞ ትልቅ የክትባት ዘመቻ አለ፤ ከዞን ሳይቀር ሰው ይመጣል። ሞተርሽን ይዘሽ ነይ እንጂ! ለሐምሌ እኮ ጥቂት ቀን ነው የቀረው፤ ቤንዚኑም ተፈቅዶልሻል። እንዲያውም ዛሬ በመስኮት ባይ አጣሁት፤ የት አደረግሽው?»

«ሥራ ላይ ነው» አለች ሠናይት።

«የት?»

ሠናይት ማሳውን አየችው። ዳለቻና ቀዩ ወይፈን ትልሙን ይዘው ወደ እሷ እየመጡ ነው፤ የአባቷ ጅራፍ ይጮኻል።

«እያረሰ ነው።»

አያ እሸቴ በሬዎቹን አቁመው ላባቸውን ጠረጉ። «ማነው እሱ?» አሉ ጮክ ብለው።

«ሥራ አስኪያጁ ነው፣ አባባ። ለሰኞ ሞተርሽን ይዘሽ ነይ ይላል።»

«በሬውንማ ከፈለገ ይውሰድ» አሉ አያ እሸቴ፣ እርፉን መልሰው እየጨበጡ። «ገለባውን ተሸክሞ ይምጣ በይው።»

ስልኩ አልተዘጋም ነበር፤ ሰምቷል።